«17»ን ፍለጋ፦ በባንኮክ የጾም ምግብ ስድስት ቀን

ባንኮክ ውስጥ ጾመኛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት አንድ ምልክት አለ። ቢጫ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም የተጻፉ ሁለት የታይ ፊደላት ናቸው፤ ለእኛ ዓይን ቁርጥ «17» ቁጥርን ይመስላሉ። ንባቡ «ጄ» ነው። ቃሉ ከቻይንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ያልነካው ምግብ ማለት ነው። «ቬጀቴሪያን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ ከመዞር ይልቅ 17ን እያዩ መሄድ ይሻላል፤ የቃሉ ችግር ከዚህ በታች በየቀኑ ይወጣል።

ጉዞው የተያዘው ሆን ተብሎ በዓመታዊው የጄ በዓል ሰሞን ነው። በዓሉ በቻይናውያን የጨረቃ አቆጣጠር ዘጠነኛው ወር ሲጠባ ይጀምርና ዘጠኝ ቀን ይዘልቃል። በ2017 ከመስከረም 23 እስከ ጥቅምት 1 ዋለ፤ የእኛ ጽጌ ጾም ደግሞ መስከረም 26 ይገባል። ሁለቱ በየዓመቱ ባይገጥሙም ብዙውን ጊዜ ይነካካሉ።

ረቡዕ፣ መስከረም 22፦ ከሱቫርናቡሚ እስከ ናና

ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚበረው አውሮፕላን ሱቫርናቡሚ ያርፋል። ከኢትዮጵያ የመጣ መንገደኛ የኢሚግሬሽን ሰልፍ ከመያዙ በፊት ጤና ቁጥጥር ጋ ሄዶ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ማሳየት አለበት። ይህን የዘነጋ ሰልፉን ጨርሶ መስኮቱ ላይ ሲደርስ ይመለሳል። እኛም ተመልሰናል፤ አርባ ደቂቃ በከንቱ ሄደ።

ገንዘብ የሚመነዘረው ምድር ቤት፣ የከተማው ባቡር መግቢያ አጠገብ ባሉት ትናንሽ ሱቆች ነው፤ ከላይ ካሉት የባንክ መስኮቶች የተሻለ ይሰጣሉ። ባለ 100 ዶላር ኖት ከባለ 20ው በተሻለ ዋጋ ይመነዘራል፤ የተቀደደና የተጻፈበት ኖት ግን ይመልሱታል። በዚያ ሳምንት 1 ዶላር 33 ባት ገደማ፣ 1 ባት ደግሞ በእኛ ከ3 ብር ከ50 ያልራቀ ነበር። ከታች 50 ባት የሚል ሲመጣ በዚያ ጊዜ 175 ብር ነበር ብሎ ማሰብ ነው።

ባቡሩ እስከ ፋያ ታይ 45 ባት፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ከዚያ በሰማይ ባቡሩ፣ ሳይቀይሩ፣ ናና። ናና ለሕክምናም ለንግድም የሚመጣ ኢትዮጵያዊ የሚያርፍበት ሰፈር ነው፤ ትልቁ ሆስፒታል ሶይ 3 በሚባለው መተላለፊያ ላይ ነው፣ በዙሪያው ባሉት መተላለፊያዎችም የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። በያይነቱ የናፈቀው እዚያ ያገኛል። የመጣነው ግን ለሽሮ ስላልሆነ አልፈን ሄድን።

የመጀመሪያው ራት አሶክ ጣቢያ ላይ ካለው ተርሚናል 21 የገበያ ሕንጻ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ፒየር 21 ከሚባለው የምግብ አዳራሽ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መግቢያው ላይ ጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ካርድ መቀበል፣ በየሱቁ በካርዱ መክፈል፣ ሲወጡ የተረፈውን ማስመለስ። ጾመኛው የሚቆምበት ሱቅ ቢጫውን ምልክት ከርቀት ያሳያል። ነጭ ሩዝ ላይ ሁለት ዓይነት ወጥ ከ50 ባት በታች ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ ላለው የመሀል ከተማ ሕንጻ ዋጋው ርካሽ ነው።

እዚሁ ላይ መለየት ያለበት ሌላ ቃል አለ፦ «ማንግሳዊራት»። ይህም ሥጋ የሌለው ማለት ነው፣ ነገር ግን እንቁላልና ወተት ይፈቅዳል። በእንግሊዝኛ «ቬጀቴሪያን» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ይህ ነው፤ ሩዙ ላይ የተጠበሰ እንቁላል ተደፍቶ ይመጣለታል። ለጾመኛ የሚሆነው ጄ ብቻ ነው።

በዓሉ ገና ነገ ቢሆንም ዛሬ የጀመሩ ብዙ ናቸው። ከዋናው ቀን በፊት ያለችውን ዕለት «ላንግ ቶንግ» ይሏታል፣ ሆድ ማጠብ ማለት ነው። እኛ በቅበላ ሥጋውን እንሰናበተዋለን፤ እነሱ ጾሙን በአንድ ቀን ያስቀድሙታል።

ሐሙስ፣ መስከረም 23፦ ያዎራት

አሶክ አጠገብ ካለው ሱክሁምቪት ጣቢያ በምድር ውስጥ ባቡር እስከ ዋት ማንግኮን ሰባት ጣቢያ ነው። ይህ ባቡር ቪዛና ማስተርካርድን በሩ ላይ በማስነካት ያስገባል፤ የሰማይ ባቡሩ ግን በዚያን ጊዜ እንዲህ አያስገባም ነበርና ለእሱ ትኬት መግዛት ያስፈልግ ነበር። ከጣቢያው ሲወጡ በእግር ጥቂት ርምጃ ላይ በ1871 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዋት ማንግኮን ገዳም አለ። ግቢው ነጭ በለበሱ ሰዎች ተሞልቷል፤ ለማያውቅ ሰው የእኛን የበዓል ማለዳ ይመስላል።

የቻይናውያን ሰፈር ዋና መንገድ የሆነው ያዎራት ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኗል። ሰዓት ምረጡ፦ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ሰው ቀለል ይላል፣ ምግቡም ትኩስ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ድምቀቱ ሌላ ነው፣ ግን መንቀሳቀሻ የለም። ጊዜው ዝናብ ስለሆነ ማታ ማታ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ጎርፉም እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ጫማ ሳይሆን የፕላስቲክ ሰንደል ይዞ መውጣት ነው።

አሁን ወደ ምግቡ። የጄ ሕግ ከእኛ ጾም በአንድ ነገር ይጠብቃል፦ ሽንኩርት ክልክል ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርትና የቻይና ባሮ የሚባለው ቅጠል፣ ትምባሆም ጭምር፣ «ስሜት የሚያነሣሱ» ተብለው ተከልክለዋል። የእኛ የጾም ወጥ ከቁሌት ይነሣል፤ ሽንኩርቱን ብታወጡት ምን ይቀራል? እነሱ ክፍተቱን የሚሞሉት በእንጉዳይ መረቅ፣ በአኩሪ አተር ሶስ፣ በነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ በዝንጅብልና ጨው ላይ ተብላልቶ በቆየ አኩሪ አተር ነው። መጀመሪያ ላይ የሆነ ነገር የጎደለው ይመስላል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ይረሳል።

በቅደም ተከተል የሚበላው እንዲህ ነው። ለጾም መፍቻ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት፣ 15 ባት፤ ስኳሩን ከመጨመራቸው በፊት ቀንሱ በሏቸው። ቀጥሎ «ኩዋይ ቻፕ ጄ»፦ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ የሩዝ ኑድል፣ ቁንዶ በርበሬው ጉሮሮ የሚያነቃ መረቅ ውስጥ፣ ከቶፉ (ከረጋ የአኩሪ አተር ወተት) እና ከስንዴ ሙጫ ከተሠራ «ሥጋ» ጋር፤ 60 ባት። በየደጁ ደግሞ የተጠበሰ ቶፉና የተጠበሰ ጎደሬ አለ፣ ከጣፋጭ የለውዝ ማባያ ጋር፤ ትንሿ ከረጢት ከ30 እስከ 40 ባት። በመጨረሻ «ታኦ ሁዋይ»፦ እንደ እርጎ የረጋ ለስላሳ ቶፉ፣ ትኩስ የዝንጅብል ሽሮፕ ውስጥ። ዝናብ ላይ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ስለ ቢጫ ኑድል አንድ ማስጠንቀቂያ። በሌላ ጊዜ እንቁላል አለበት። በበዓሉ ዘጠኝ ቀን እንቁላል የሌለው ለብቻው ይሠራል፣ ስለዚህ 17 ያለበት መጥበሻ ላይ ካያችሁት ግድ የለም። ከበዓሉ ውጪ የሩዝ ኑድል መምረጥ ነው። ዘይቱም እንደዚያው፦ በበዓሉ የጄ ሻጮች መጥበሻቸውን ይለያሉ፤ በሌላ ጊዜ ተራ ሻጭ ጋ ቶፉው የሚጠበሰው የዓሣ ኳስ በተጠበሰበት ዘይት ነው።

አርብ፣ መስከረም 24፦ ፕራቱናም

ለልብስ ንግድ ባንኮክ የሚመጣ ሐበሻ ፕራቱናምን ያውቃል፤ የሚበላውን የሚያጣውም እዚያ ነው። ጠዋት ላይ ሩዝና ወጥ የሚሸጡ የጄ ቤቶች ከ12 ሰዓት ጀምሮ ይከፍታሉ፣ ግን 7 ሰዓት ላይ ትሪው ባዶ ነው፤ 8 ሰዓት ላይ በሩ ተዘግቷል። ይህ በበዓሉም ከበዓሉ ውጪም ያው ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ስለዚህ ጠዋት ገዝቶ በላስቲክ ማስቋጠር አለበት። ወጡን በአንድ፣ ሩዙን በሌላ ከረጢት አስረው በጎማ ይቋጥሩታል፤ ሦስት ሰዓት ቢቆይ አይበላሽም። ኮኮናት ያለበትን ግን ለዚያ ሙቀት አታቆዩት፣ ይኮመጥጣል።

ያላስቋጠረ ሰው ተራ ምግብ ቤት ይገባና ችግሩ ይጀምራል። የተጠበሰ ቅጠል ብላችሁ የምታዝዙት «ፓድ ፓክ ቡንግ» ላዩ ጎመን ነው፣ ውስጡ የኦይስተር ሶስ ነው፤ ዛጎል ውስጥ ከሚኖር የባሕር እንስሳ የሚሠራ። በኑድል ሾርባ ላይ ሥጋው ቢቀነስም መረቁ የአሳማ አጥንት ነው። ፓድ ታይ ሦስት ወጥመድ አለው፦ እንቁላል፣ ደረቅ ሽሪምፕና «ናም ፕላ» የሚሉት የዓሣ ፈሳሽ። የአረንጓዴና የቀይ ወጥ ቅመም ደግሞ «ካፒ» በሚባል የሽሪምፕ ድልህ ይለወሳል፤ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት አይቻልም፣ ስለዚህ «ሥጋውን ተውት» ማለት ዋጋ የለውም።

ያዳኑን ጥቂት ቃላት እነሆ። «ኪን ጄ» ጄ እበላለሁ ነው። «ማይ ሳይ» አትጨምሩ ማለት ሲሆን ከኋላው የሚፈለገውን መቀጠል ነው፦ ማይ ሳይ ናም ፕላ፣ ማይ ሳይ ካፒ፣ ማይ ሳይ ናም ማን ሆይ (የኦይስተር ሶስ)፣ ማይ ሳይ ካይ (እንቁላል)። ካይ በድምፁ ከዶሮ ጋር ይቀራረባል፤ ብትሳሳቱም ችግር የለም፣ ሁለቱንም አንፈልጋቸውም። ወንድ በመጨረሻ «ክራፕ»፣ ሴት «ካ» ትጨምራለች፤ ያለዚህ ቃሉ እንደ ትእዛዝ ይሰማል። «በናም ፕላ ፋንታ» ለማለት «ሳይ ሲ ኢው» በቂ ነው፣ የአኩሪ አተር ሶስ ጨምሩ ማለት ነው።

ሶም ታም የሚባለው የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ላይ እነዚህን ቃላት መፈተን ይቻላል። ሻጯ ዓይናችሁ እያየ በሸክላ ሙቀጫ ትወቅጠዋለች፦ ቃሪያ፣ የቴምር ያህል የጠቆረ የዘንባባ ስኳር፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ለውዝ፣ ፓፓያ። ደረቁን ሽሪምፕና ናም ፕላውን ታስቀራላችሁ። የሚረሳው ግን ሙቀጫው ነው፤ ከፊታችሁ የነበረው ደንበኛ የዓሣ ብስባሽ ያለበትን አዝዞ ከሆነ ሽታው ይቀራል። እንድታጥበው በምልክት ማሳየት በቂ ነው፣ አትቆጣም። ዋጋው 50 ባት። በርበሬ ለምደናል ብሎ ቃሪያ አምስት ማስደረግ ግን ሞኝነት ነው። ሚጥሚጣ ደርቆ ተፈጭቶ የመጣ ነው፤ ይህ ጥሬው ነው፣ ማቃጠሉ ዘግይቶ ይመጣና ቶሎ አይሄድም። አንድ ይበቃል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 25፦ ቻቱቻክና ናዋሚን

ቻቱቻክ የቅዳሜና እሑድ ገበያ ነው። እዚያ በኮኮናት ቅርፊት የሚቀርብ አይስክሬም አለ፣ 50 ባት ገደማ። አንዳንዱ ንጹሕ የኮኮናት ነው፣ አንዳንዱ የላም ወተት ይደባለቅበታል፤ «ሚ ኖም ማይ?» (ወተት አለው?) ብሎ መጠየቅ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ኦቶኮ የፍራፍሬ ገበያ ንጽሕናው የሚያስገርም፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ማንጎ በሚጣበቅ ሩዝ ለጾም ይሆናል፦ ሩዝ፣ የኮኮናት ወተት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ከላይ የተቆላ ማሾ። ግን የማንጎ ወራቱ ሚያዝያ አካባቢ ነውና በመስከረም ዋጋው ከ100 ባት ይበልጣል፣ ማንጎውም ያን ያህል አይደለም።

ምሳ ናዋሚን መንገድ ላይ ባለው የሳንቲ አሶክ ማኅበረሰብ ነበር፤ ከቻቱቻክ ታክሲ በሜትር 150 ባት አካባቢ፣ መነሻው 35። ከ1985 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. የባንኮክ ገዥ የነበሩት ቻምሎንግ ስሪሙአንግ የዚህ የቡዲስት እንቅስቃሴ ተከታይ በመሆናቸው ስሙ ይታወቃል። መነኮሳቱ በቀን አንዴ ይበላሉ፣ ሥጋም አይነኩም። ምግቡ ቀይ ሩዝ፣ ብዙ ቅጠል፣ ትንሽ ዘይት ነው፤ ዋጋው ከመሀል ከተማው ይረክሳል። ለጣዕም ያዎራት ይበልጣል፤ ለሆድ ግን ይህ ቀለል ይላል። ሰኞ አትሂዱ፣ ከ8 ሰዓት በኋላም እንዲሁ።

እሑድ፣ መስከረም 26፦ ወንዙ፣ ታላት ኖይና አንድ ድስት

ጽጌ ገባ። ብርቱካናማ ባንዲራ ያላት የቻኦ ፕራያ ጀልባ የትም ውረዱ የትም 16 ባት ነው። በወንዙ ዳር ታላት ኖይ ያለው የቾ ሱ ኮንግ መቅደስ ከበዓሉ ዋና ቦታዎች አንዱ ነው። ፑኬት ደሴት ላይ በዚህ በዓል ጉንጭ የሚወጋ ሰው ይታያል፤ የባንኮኩ ግን የረጋ ነው፣ ዕጣንና ሩዝ። «ሮንግ ጄ» በሚባሉት አዳራሾች ለመጣ ሁሉ ያበላሉ፤ ዋጋ አይጠየቅም፣ ሣጥን አለ። ሳህን ሞልቶ መተው ነውር ነው፤ ጥቂት ወስዶ መድገም ይሻላል።

ከሰዓት በፍራ አቲት ወደብ ወርደን ካኦ ሳን አጠገብ ካለ የምግብ ማስተማሪያ ገባን። በጄ አሠራር የአረንጓዴ ወጥ፣ ለሁለት ሰው፦

ቅመሙ፦ 12 ትናንሽ አረንጓዴ ቃሪያ፣ የሁለት ዘንግ ጠጅ ሣር የታችኛው ነጭ ክፍል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጋላንጋል (የዝንጅብል ዘመድ ነው፤ ከጠፋ ዝንጅብል በግማሽ)፣ የአረንጓዴ ሎሚ ቅርፊት በጣት ጫፍ፣ የተቆላ ድንብላል 1 የሻይ ማንኪያ፣ ከሙን ግማሽ፣ ጨው ግማሽ። በካፒው ምትክ 1 የሻይ ማንኪያ በጨው የተብላላ አኩሪ አተር። ደረቁ መጀመሪያ ይወቀጣል፣ ቀጥሎ ጠጅ ሣሩ ከጨው ጋር፣ ቃሪያው በመጨረሻ። ቃሪያውን ካስቀደማችሁ ይረጥብና ጠጅ ሣሩ ሳይደቅ ጭረቱ አፍ ውስጥ ይቀራል።

ከ400 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት ወፍራሙን 100 ብቻ መካከለኛ እሳት ላይ ጥዶ ዘይቱ እስኪለይ ማቁላላት፤ ሦስት አራት ደቂቃ። ይህች ደረጃ የእኛ ቁሌት ናት። በካርቶን የሚሸጠው ወተት እንዳይለይ የተሠራ ስለሆነ አልለይ ካለ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበት፤ ዝም ብላችሁ ብትጠብቁ ያርራል። ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ ቅመም፣ ሁለት ደቂቃ፤ የቀረው ወተት፣ 200 ግራም ቶፉ፣ የተቆረጠ ደበርጃን፣ 1 ተኩል የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ሶስ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ ደበርጃኑ እስኪለሰልስ። እሳቱ ሲጠፋ የበሶብላ ቅጠል። ጠጅ ሣሩም በሶብላውም ደጃችን የሚበቅሉ ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ የሚያስቸግረው ጋላንጋሉ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 27፦ ሻንጣ

የሰቨን ኢለቨን ሱቆች በየመቶ ሜትሩ አሉ፤ በበዓሉ ሰሞን የጄ መደርደሪያ ያወጣሉ። እሽግ ላይም ቢሆን 17ን ፈልጉ። በተለይ የጠርሙስና የካርቶን የአኩሪ አተር ወተት ያታልላል፤ አንዳንዱ የላም ወተት ዱቄት አለበት። መንገድ ላይ ትኩሱን የምትሸጠዋ ሴት ከእሽጉ ይልቅ ታማኝ ናት።

ይዘን የመጣነው «ፕሮቲን ካሴት» ነው፤ ካሴትሳርት ዩኒቨርሲቲ ያበለጸገው የደረቀ የአኩሪ አተር ፕሮቲን። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ጉምሩክም አያስጨንቅም። ሶስና የቅመም ድልህ ግን በእጅ ሻንጣ አይታለፍም፣ ከታች በሚጫነው ውስጥ በሁለት ላስቲክ ተጠቅልሎ። ለመልሱ በረራ የቪጋን ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል።

አሠራሩ፦ ለአራት ሰው 100 ግራም ይበቃል፣ ውኃ ሲጠጣ ብዙ ይሆናልና። ሙቅ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ ዘፍዝፎ መጭመቅ፣ ውኃውን ቀይሮ እንደገና መጭመቅ። ሁለተኛውን የዘለለ ሰው የባቄላ ዱቄት ሽታ ይመጣበታል። ውኃው በደንብ ካልወጣለትም ወጡን ያቀጥነዋል፣ ቅመሙም አይገባውም። ከዚያ በርበሬ ባበሰለ ቁሌት ላይ ጨምሮ 20 ደቂቃ ማንተክተክ። ሽንኩርቱን እዚህ ላይ አንሰስትም፤ ጽጌ ሽንኩርት አይከለክልም።